በመስከረም መጨረሻ ወደ ላዳክ፦ ሻንጣ ውስጥ ምን ይግባ? ጋቢስ ይጠቅማል?

የቻንዲጋር ተማሪ

ውድ ወገኖች፣

በሰሜን ሕንድ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እየተከታተልኩ የምገኝ ተማሪ ነኝ። ከመስቀል በዓል ቀጥሎ ባለው ሳምንት ከሦስት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ከዴልሂ ወደ ሌህ ከተማ በአውሮፕላን ሄደን በሂማላያ ተራሮች መካከል ያለውን የላዳክ ግዛት ለማየት ወስነናል፤ ከጓደኞቼ አንዷ የአገሬ ልጅ ስትሆን ሁለቱ ሕንዳውያን ናቸው። መኪናና ማረፊያ የሚያዘጋጅልን የጉዞ ወኪል በሰጠን መርሐ ግብር መሠረት የመጀመሪያውን ሌሊት በሌህ ከተማ፣ ሁለተኛውን በፓንጎንግ ሐይቅ ዳር በሚገኝ የድንኳን ማረፊያ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ሌሊቶች በኑብራ ሸለቆ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ተመልሰን በሌህ እናድራለን።

ለእያንዳንዳችን የተፈቀደው 15 ኪሎ ግራም የሚጫን ሻንጣና 7 ኪሎ ግራም የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው። ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ አሰናድቼ ሦስት ጊዜ በትኜዋለሁ። ችግሬ የሚጀምረው ከስሙ ነው፤ ላዳክ ቀዝቃዛ በረሃ ነው ይባላል፣ እኔ ግን በረሃ ሲባል ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የአፋር ሙቀት እንጂ ውርጭ አይደለም። የአየር ትንበያው ለሌህ ቀን ከ15 ዲግሪ በላይ፣ ሌሊት ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሙቀት ያሳያል። ይህ ተወልጄ ላደግሁባት ለደብረ ብርሃን እንግዳ አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ሲያበራ እያየሁ ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት። ስለዚህ ጓደኞቼ እንደሚሉት የበረዶ ተራራ የሚወጣ ሰው ይመስል ወፍራም ጃኬትና ከባድ ቦት ጫማ መግዛት ግድ ነው ወይስ ያለኝ ይበቃል? እናቴ የላከችልኝን ጋቢ ልውሰደው ወይስ ክብደቱን ፈርቼ ልተወው? ደግሞስ ከፍታ ለለመደ ደገኛ የከፍታ ሕመም መድኃኒት ያስፈልገዋል? ሄዳችሁ ያያችሁ ብትመክሩኝ በታላቅ ምስጋና እቀበላለሁ።

የደባርቅ ልጅ

እህቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከሰሜን ተራሮች ሥር ተወልጄ፣ ለጥቂት ዓመታትም ቱሪስት እየመራሁ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ እኔም እንደ እርስዎ በደገኛነቴ ተማምኜ ነበር ወደ ላዳክ የሄድኩት። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የመጀመሪያው በሰኔ ሲሆን ሁለተኛው ልክ እርስዎ በሚሄዱበት ወቅት ነበር።

ስለ ልብስ ከመናገሬ በፊት ቦታውን እኛ በምናውቃቸው ቦታዎች ልለካልዎ። ሌህ ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በሰሜን ተራሮች ከግጭ ካምፕ ብዙም የማትለይ ከፍታ ናት። ፓንጎንግ 4,250 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከባሌ የሰነቴ አምባ ጋር ይቀራረባል። ወደ ፓንጎንግ የሚያሻግረው ቻንግ ላ እና ወደ ኑብራ የሚያሻግረው ካርዱንግ ላ ግን ሁለቱም ከ5,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ መኪናዎ ከራስ ዳሸን ጫፍ 700 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይወጣል ማለት ነው። በነገራችን ላይ በእነርሱ ቋንቋ «ላ» ማለት እኛ ጣርማ በር፣ ሳንቃ በር ስንል «በር» የምንለው ነው።

ከፍታው ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። የሰሜን ብርድ እርጥብ ብርድ ነው፤ ጉም ይወርዳል፣ ሣሩ ጤዛ ይይዛል፣ ልብስ ሳይደርቅ ያድራል። የላዳክ ብርድ ደረቅ ነው። የሂማላያ ተራሮች ከደቡብ የሚመጣውን የዝናብ ደመና ስለሚያግዱት ሌህ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብና በረዶ ተደምሮ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ግን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። አየሩ እርጥበት ስለሌለው፣ ሰማዩም ደመና ስለማይኖረው፣ ቀን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ማታ ሙቀቱን የሚይዝለት አንዳች ክዳን አያገኝም። ጓደኞችዎ ሕንዳውያን ስለሆኑ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ እነርሱ «ክረምት» የሚሉት ታኅሣሥንና ጥርን፣ ማለትም የእኛን በጋ ነው፤ የሌህ መራራ ብርድም ያኔ እንጂ አሁን አይደለም።

ይህ ድርቀት ምን እንደሚያደርግ በመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ በእንግዳ ማረፊያው ግቢ ውስጥ ተቀምጬ አየሁት። በሸሚዝ ብቻ ሆኜ ሻይ እየጠጣሁ፣ ፀሐይዋ ፊቴን ስለለበለበችኝ ወንበሬን አንድ እርምጃ ያህል ወደ ግድግዳው ጥላ ሳብኩት። ሻዩን ሳልጨርስ ሹራቤን፣ ቀጥሎም ጃኬቴን ለበስኩ። የተቀመጥኩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ሰዓቱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጥላው ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልግዎ በየሩብ ሰዓቱ የሚወልቁና የሚደረቡ ስስ ልብሶች እንጂ አንድ ወፍራም ልብስ አይደለም። ሁለት ሙሉ ተርማል የውስጥ ልብስ፣ አንድ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ደግሞ ነፋስ የማያሳልፍ ስስ ጃኬት ይያዙ። ከሁሉም አስበልጬ የምመክረው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ በፓንጎንግ ዳር ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ሹራብን ሰንጥቆ ነው የሚገባው። ሐይቁ ከሌህ 750 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል በከፍታው ብቻ አምስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የሌህ ትንበያ ዜሮ ካለ እዚያ ከዜሮ በታች እንደሚወርድ አስበው ይዘጋጁ። የላባ ጃኬቱን ግን አይግዙት፤ በሌህ ገበያ የሚያከራዩ ሱቆች ስላሉ ወደ ፓንጎንግ ከመውጣታችሁ በፊት በኪራይ ትወስዳላችሁ፤ ከሻንጣዎም ክብደት ይቀንስልዎታል።

ከባድ ቦት ጫማም አያስፈልግዎትም፤ የእግር ጉዞ ስለሌላችሁ እግርዎ የለመደው ባለ ወፍራም ሶል ስኒከር ይበቃል። ገንዘብዎን ካልሲ ላይ ያውሉት። በየቡድሂስት ገዳሙ ደጃፍ ጫማ ይወልቃል፣ የውስጡ ወለል ደግሞ በፀሐይ ቀን እንኳ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ በተቀደደ ካልሲ በመነኮሳት ፊት የቆመ ሰው ብርዱንም እፍረቱንም አብሮ ይቀበላል፤ ከራሴ ነው የምናገረው። ሦስት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ይያዙና አንዱን ለመኝታ ብቻ ይተዉት፤ ቀን የተለበሰ ካልሲ ላብ ስለሚይዝ ሌሊት እግር ያቀዘቅዛል። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ጓንት፣ አቧራም ብርድም የሚከላከል ሻርፕ ይጨምሩ።

ስለ ፀሐይ ደግሞ፣ ቆዳችን ጥቁር ስለሆነ አያቃጥለንም የሚለውን እምነት ደባርቅ ላይ ይተዉት ብዬ ልምከርዎ፤ እኔ ትቼው ባለመሄዴ በሦስተኛው ቀን የአፍንጫዬ ቆዳ ተላጠ፣ ከንፈሬም ተሰንጥቆ ደማ። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በሮቹ ላይ በረዶ ካለ ደግሞ ጨረሩ ከታችም ተንጸባርቆ ይመጣል። ጥሩ የፀሐይ መነጽር፣ ሰንስክሪን፣ ለከንፈርና ለአፍንጫ ቀዳዳ የሚቀባ ቫዝሊን የግድ ናቸው። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ክሬሞቹንና የጥርስ ሳሙናውን በፌስታል ቋጥረው ያስቀምጡ። በካርዱንግ ላ ላይ በቦርሳዬ የነበረው የብስኩት እሽግ እንደ ኳስ ተነፍቶ አገኘሁት፤ ከጎኑ የነበረው የሎሽን ጠርሙስ ደግሞ ክዳኑን ስነካው ግማሹን እጄ ላይ ተፋው።

ለምግብ አይጨነቁ። ላዳኮች ገብስ ቆልተው፣ ፈጭተው፣ በሻይ ወይም በውኃ አሽተው ይበላሉ፤ በሶ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ትንሽ ቆሎ ብቻ ለመንገድ ይያዙ። ጋቢውን ግን እኔ እተወው ነበር፤ ሻንጣ ይሞላል፣ ጥጥ ስለሆነም ነፋስ አያቆምም።

ሲስተር

ሰላም ለሁላችሁ። ዴልሂ ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። እህቴ፣ እንደ ታላቅ እህት አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ስለ ሻንጣው በቂ ተነግሮሻል፤ እኔን ያስደነገጠኝ ግን መርሐ ግብሩ ነው። 320 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ቻንዲጋር የመጣ ሰው በአንድ ጠዋት 3,500 ሜትር ላይ አርፎ፣ በማግስቱ ከ5,300 ሜትር በላይ በሆነ በር አልፎ፣ በ4,250 ሜትር ላይ ድንኳን ውስጥ እንዲተኛ የሚያደርግ ዕቅድ ምንም ዓይነት ጃኬት አያቃናውም።

ደገኛነትን በተመለከተ ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ ሳይንሱም መልስ አለው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቿ ጋር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ደገኞች የሂሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ መገኘቱን አሳይታለች። ነገር ግን የተጠኑት እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። አንቺ ደብረ ብርሃን ተወልደሽ ብታድጊም ሳምባሽ አሁን የለመደው የፑንጃብን ሜዳ ነው፤ ሰውነት ከከፍታ ጋር ያደረገውን መላመድ ቆላ ሲወርድ በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። ሌህ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ሲሆን በሮቹ ላይ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የተለመደው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር አብልጦ አለማሳደግ ነው። በአውሮፕላን ስትሄዱ ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ስለምትጥሱት፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት በሌህ ማደርና የመጀመሪያውን ቀን ገበያ እንኳ ሳይወጡ ማረፍ ያስፈልጋል። ከዚያ ኑብራ ይቅደም፤ መኪናው በካርዱንግ ላ ቢያልፍም የምትተኙባቸው ዲስኪትና ሁንደር 3,100 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከሌህ ዝቅ ያሉ ናቸው። ፓንጎንግ መጨረሻ ይሁን። ቀን መጨመር ካልቻላችሁ ከኑብራ አንድ ሌሊት ቀንሱ። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ወኪል ያወጣልንን እንደ እናንተ ያለ ዕቅድ ተቀብለን ሄደን፣ ፓንጎንግ ዳር አብራን የነበረችው ልጅ ሌሊቱን ስታስታውክ አድራ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሌህ ይዘናት ወርደናል። ሐይቁን በወጉ ያየው ሾፌራችን ብቻ ነበር።

መድኃኒቱ አሴታዞላማይድ ይባላል፤ ብዙዎች ዳያሞክስ በሚለው የንግድ ስሙ ያውቁታል። ለመከላከያ ለአዋቂ የሚታዘዘው ብዙውን ጊዜ 125 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ሲሆን የሚጀመረውም ከበረራው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ሽንት ያበዛል፣ ጣትን ያደነዝዛል፣ ለስላሳ መጠጥንም ጣዕም ያሳጣል፤ እነዚህ አያስደንግጡሽ። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ግን በራሱ ፈቃድ መውሰድ የለበትም፤ ሁላችሁም አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ላይ መውጣት ይቁም፤ ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳይነጋ መውረድ አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን አይወሰድ።

በቦርሳሽ ውስጥ ፓራሲታሞል፣ የማስታወክ መከላከያ፣ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም የተዋወቅነውን የጣት ኦክስጅን መለኪያ ያዢ። የመጨረሻው ለአራታችሁ አንድ ይበቃል። ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በድንኳን ወይም በዝግ ክፍል ውስጥ የጋዝ ወይም የእንጨት ማሞቂያ አብርታችሁ አትተኙ። በአገራችን ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩትን ሁላችንም ሰምተናል፤ ጭሱ እዚያም ያው ጭስ ነው።

የሸማኔ ልጅ

የደባርቁ ወንድማችን ስለ ላዳክ የጻፉትን በአክብሮት ተምሬበታለሁ፤ በጋቢው ላይ ግን አልስማማም። ጋቢ የሚያሞቀው በጥጡ አይደለም። ሸማኔ አራት ድርብ አድርጎ የሚሠራው በንብርብሮቹ መካከል አየር እንዲታሰር ነው፤ እርሳቸው ስለ ተርማል፣ ስለ ሹራብና ስለ ጃኬት ያስረዱትም ያንኑ ነው። የጥጥ ትልቁ ድክመት ከረጠበ በኋላ አለመድረቁ ነው፤ ነገር ግን በዓመት 100 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ወይም ብዙም በማይበልጥ ዝናብ አገር ምን ያረጥበዋል? እኔ በላዳክ ከታጠበ አንድ ሰዓት ያልሞላው ልብስ ፀሐይ ላይ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ አይቻለሁ።

ነፋስ አያቆምም ያሉት እውነት ነው፤ ስለዚህ ለነፋስ አይለበስም። ቦታው መኪና ውስጥ ጉልበት ላይና ሌሊት ከብርድ ልብስ በታች፣ ከሰውነት ጋር ተጣብቆ ነው። የድንኳን ማረፊያዎች የሚሰጡት ብርድ ልብስ ከባድ ቢሆንም ሲገቡበት እንደ ብረት የቀዘቀዘ ነው፤ ጋቢ ከለበሱ ያ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አያሰቃይዎትም። ክብደቱ ካሳሰበዎት ተከናንበውት ይሳፈሩ፤ ከዴልሂ የሚነሡት በረራዎች ብዙውን ጊዜ ንጋት ላይ ስለሆኑ የአየር ማረፊያው ማቀዝቀዣ ራሱ ጋቢ ያስመኛል። የለበሱትን ደግሞ ማንም አይመዝንብዎትም።

ባለሞተሩ

እኔ የሄድኩት ከላዳክ በስተደቡብ ካለችው ከማናሊ ከተማ በሞተር ብስክሌት ስለሆነ የብርዱን ነገር ከሌሎቹ የበለጠ አማርሬ መናገር እችል ነበር፤ ግን ከልብስ ውጪ የተረሱ ነገሮች አሉና እነርሱን ልጨምር።

በመጀመሪያ ወረቀት። የውጭ አገር ዜጋ ኑብራንና ፓንጎንግን ለማየት የተከለለ አካባቢ መግቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህም በተመዘገበ የጉዞ ወኪል በኩል ከሁለት ላላነሱ ሰዎች የሚሰጥ ነው። የሕንዳውያኑ ጓደኞችዎ አሠራር ከእናንተ የተለየ ስለሆነ፣ «ለሁላችንም አንድ ላይ ይወጣል» በሚል እንዳትዘናጉ። ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የነዋሪነት ፈቃዱን ከእነ ዋናው ይያዙ፤ የእነርሱንና የመግቢያ ፈቃዱን ቅጂ ደግሞ ስድስት ሰባት አድርጋችሁ ያዙ፤ በየኬላው አንድ አንድ ይቀራል፣ ኑብራ ውስጥ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ መዞር ቀን ያበላሻል።

ሁለተኛው ስልክ ነው። ከሌላ ክፍለ ግዛት የተገዛ የቅድመ ክፍያ ሲም ካርድ ላዳክ ውስጥ አይሠራም፤ የሚሠራው በየወሩ ሒሳብ የሚከፈልበት የድኅረ ክፍያው ነው። ከአራታችሁ አንዱ ያ ቢኖረው ይበቃል፣ ቤተሰብም በዚያ ቁጥር ይወቃችሁ። ካርታውን አስቀድማችሁ በስልካችሁ ጫኑ። ጥሬ ገንዘብም ከሌህ አውጥታችሁ ሂዱ፤ ኔትወርክ በሌለበት በስልክ እከፍላለሁ ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው የባትሪ ድንጋይና ቻርጅ ነው። ሊቲየም ባትሪ ብርድ አይወድም። ፓንጎንግ ዳር ንጋት ላይ ፎቶ ላነሣ ስል 40 በመቶ ቻርጅ የነበረው ስልኬ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ በብብቴ ሥር ይዤው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ በራ፣ ፀሐይዋ ግን ወጥታ አልቃ ነበር። ስልኩንና ፓወር ባንኩን ሌሊት ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገብታችሁ ተኙ። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ እንጂ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም፣ መጠኑም ከ100 ዋት ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) የሚለው ከዚህ በታች ነው። በግንባር የሚታሰር የእጅ ባትሪም ያዙ፤ የመብራቱ ሰዓት የተወሰነ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱም ከድንኳኑ ሊርቅ ይችላል። ሶፍት የራሳችሁ ይሁን።

ጥሩ ፔርሙዝም ከጃኬት አያንስም። ሌህ ላይ ውኃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሻዩ ከመጀመሪያውም እንደ ቤታችን አይፈጅም፤ ስኒ ውስጥ ከተቀዳ ደግሞ ወዲያው ይበርዳል።

የቻንዲጋር ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ መልእክትሽን ለጓደኞቼ አንብቤላቸው በዚያው ቀን ለወኪሉ ደወልን። መጀመሪያ «መድኃኒት ከወሰዳችሁ ምንም አትሆኑም» ብሎ ተከራከረን፤ በኋላ ግን በሌህ ሁለት፣ በኑብራ አንድ፣ በፓንጎንግ አንድ፣ በመጨረሻም በሌህ አንድ ሌሊት እንዲሆን ተስማማ። የዋጋ ልዩነት አልነበረውም። ሐኪም ጋም ሄደናል፤ አንደኛው ጓደኛችን የሰልፋ አለርጂ እንዳለበት ያወቅነው ያኔ ነው።

ሻንጣዬ አሁን 11 ኪሎ ሆኗል። ቦት ጫማው ወጥቷል፣ ጋቢው ገብቷል፤ የደባርቁ ወንድሜ እንዳይቀየሙኝ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ለሴቶች ነው። ፀጉሬን ሳልሠራ ብሄድ በዚያ ድርቀትና አቧራ ምን ይሆናል? የሙቅ ውኃውስ ነገር እንዴት ነው?

የደባርቅ ልጅ

ቅያሜ የለም፤ የሸማኔው ልጅ አሸንፈውኛል። ብቻ ጋቢውን ለብሰው ኑብራ ያሉት ባለ ሁለት ሻኛ ግመሎች አጠገብ ፎቶ ከተነሡ እዚህ ይለጥፉልን።

ሲስተር

እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ አሁን ተኝቼ ማደር እችላለሁ። አለርጂ ያለበት ልጅ ምትክ መድኃኒት ይኑረው አይኑረው ሐኪሙን አስረግጣችሁ ጠይቁት፤ ያለ መድኃኒት ከሄደም ያን ሁለተኛ የሌህ ቀን አብራችሁት እረፉ።

ወደ ፀጉሩ ስንመጣ፣ በመንደሮቹ ሙቅ ውኃ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ጠዋት በባልዲ ነው፤ ፀጉር ታጥቦ እስኪደርቅ መቆም ደግሞ በዚያ ነፋስ የሚመከር አይደለም። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ታጥበሽ፣ ቅባት በደንብ ጠጥቶ ሹሩባ ተሠሪ። ቀን ከኮፍያው በታች፣ ሌሊትም ስትተኚ ሻሽ እሰሪበት፤ አቧራውንም ድርቀቱንም ይቀንስልሻል። ሞዴስ ከቻንዲጋር ያዢ፤ ሌህ ይገኛል፣ ከሌህ ከወጣሽ በኋላ ግን አትተማመኚ። ሹሩባው ብቻ በጣም ጠብቆ እንዳይሠራ ንገሪያቸው፤ በመጀመሪያው ሌሊት ራስሽን ካመመሽ ከከፍታው ይሁን ከሹሩባው መለየት ያስቸግረናል።